የቀን ማኅተም

«የሚቀሩት መጻሕፍት ሰው ያነበባቸው ብቻ ናቸው» አሉ ሱዳርሞ አጥሩን በሁለት እጃቸው ይዘው። «የኔዎቹ ይቀራሉ። ሠላሳ አንዱም። ልጄ እዚያ ስለምትሠራ እንዳይመስልሽ ካርሲህ፤ ሄደሽ ከኋላቸው ያለውን ማኅተም ማየት ነው።»

የአኩሪ አተር ጥፍጥፍ፣ ቴምፔ፣ የምትሸጠው ካርሲህ በሕይወቷ ቤተ መጻሕፍት ረግጣ አታውቅም። «እርስዎ ካሉማ ምን ይጠየቃል ፓክ ጉሩ» አለች። «ዛሬ ስንት ልስጥዎ? አንዱ ስድስት ሺህ ሩፒያ ገብቷል፤ አኩሪ አተሩ ጨምሮብን ነው፣ እንዳይቀየሙኝ።»

ውርያኒ ይህን ስትሰማ ወጥ ቤት ውስጥ ሩዝ እያወጣች ነበር። ጭልፋው እጇ ላይ ቀረ። አባቷ መኩራራት የሚወዱ ሰው አይደሉም። ለአርባ ዓመት «ራሱን የሚያመሰግን ተማሪ ገና አልተማረም» እያሉ ልጆች ያስተማሩ መምህር ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ ከ«ፓክ ጉሩ»፣ ከአባባ መምህር፣ ሌላ ስም አያውቅላቸውም። አሁን በስተርጅና አጥር ይዘው የሚኩራሩት በሌለ ነገር መሆኑን የምታውቅ ደግሞ እሷ ብቻ ናት። መጻሕፍታቸውን የተዋሰ ሰው የለም። ማኅተሞቹን የመታቻቸው እሷው ነች።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እናቷ ሲሞቱ አባቷ ቤቱ ሰፋባቸውና መጻሕፍታቸውን በሁለት ቤቻክ፣ በዚያ ባለ ሦስት እግር የብስክሌት ታክሲ አስጭነው ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸሚዛቸውን አስተኩሰው ይመጣሉ። አያነቡም። የየመጽሐፉን የኋላ ሽፋን ገለጥ አድርገው፣ የመመለሻ ቀን የሚመታባትን ወረቀት አይተው፣ ነጭ መሆኗን አረጋግጠው መልሰው ይሰኩታል። ሠላሳ አንዱንም። ከዚያ ቤት ገብተው እስከ እሑድ ቀትር ሰው አያናግሩም። አንድ ቅዳሜ ማታ ሠራተኛው ሁሉ ከወጣ በኋላ ውርያኒ የቀን ማኅተሙን አነሣች፣ ቀኑን አስተካከለች፣ አራት መጻሕፍት ላይ መታች። በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቷ ወደ ቤት ሲመለሱ የተጠበሰ ሙዝ ገዝተውላት ገቡ። ከልጅነቷ ወዲህ ገዝተውላት አያውቁም ነበር። ከዚያ በኋላ ማቆም አቃታት፤ ማቆም ጭካኔ ሆነባት።

አሁን ማታ ማታ ራት ላይ የሚጠይቋት ጥያቄ አንድ ነው። «ዛሬ ወጡ?» ይሏታል፣ ስለ ልጆች እንደሚጠይቅ ሰው። «ወጡ ባፓክ» ትላለች። «ስንት?» «ሁለት።» ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ዝም ብለው ይበላሉ፤ ዝምታው ግን የእሳቸው ጥጋብ ነው፣ የእሷ ድካም።

ያን ጠዋት ሳህኑን ስታቀርብላቸው ሱዳርሞ ቀና ብለው አዩዋት። «ዛሬ አይደል የመጻሕፍቱ ምርጫ የሚያልቀው?»

«ዛሬ ነው።»

«ቀትር ላይ እመጣለሁ። ወደ ላይ ሲወጡ ባያቸው ደስ ይለኛል።»

«ቀትር ላይ ውሃው ይገባል ባፓክ። ሌላ ቀን ቢመጡ ምናለ?»

«ውሃ ዛሬ ነው እንዴ ያየሁት ንዱክ?» አሉ። ንዱክ ማለት ልጄ ማለት ነው፤ ውርያኒ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ ከባሕሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ወይም ይርቅ ነበር። ባሕሩ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየቀረበ፣ መሬቱም እየሰመጠ፣ አሁን ማን ወደ ማን እንደሚሄድ አይለይም። ሙላቱ እንደ ዝናብ ውሃ አያስጠነቅቅም። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ ቀትር ላይ ከቦዩ ቀስ ብሎ ይነሣና በበሩ ስር ይገባል፤ ማታ ጨውና ጭቃውን ትቶ ይወጣል። ውርያኒ እንደ ልማዷ ሞተር ብስክሌቷን ከድልድዩ ወዲህ አቆመች፤ ጨው ሁለት ሰንሰለት በልቶባታል። ከጥግ ካለችው ሴትዮ በሰባት ሺህ ሩፒያ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝና በኮኮናት የተለወሰ ሜጎኖ ገዛች፣ የጎማ ቦቷን አጠለቀች፣ የሚያማትን ጉልበቷን እያባበለች ገባች። የታችኛው ረድፍ መደርደሪያ ባዶ ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ሁለተኛውም ተለቀቀ። ባለፈው ሙላት ውሃው የውሰት መዝገቡን በላው፤ ከመዝገቡ ቀድሞ ኮምፒውተሩን በልቶት ነበር። እንግዲህ የትኛው መጽሐፍ መቼ እንደወጣ የሚናገር ምስክር የቀረው ከየመጽሐፉ ኋላ ያለችው ወረቀት ብቻ ነው።

ከበላይ የመጣው ትእዛዝ አጭር ነው። መጻሕፍቱ በሙሉ ወደ ፎቁ ይውጡ። ፎቁ ግን የሚችለው ሦስት ሺህ አምስት መቶ መጻሕፍት ነው፣ ከዚያ በላይ ወለሉ አይሸከምም ብለው መሐንዲሶች ጽፈዋል። ታች ያሉት ዘጠኝ ሺህ ናቸው። የቀረውን ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የወረቀት ፋብሪካ መኪና ይወስደዋል። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጊናንጃር ከተሾመ አሥር ወሩ ነው፤ የውርያኒ ልጅ ሊሆን የሚችል፣ ንጹሕ ሸሚዝ የማይለየው፣ ደንብ ካልተጻፈለት እንቅልፍ የማይወስደው ወጣት ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ደንቡንም ራሱ ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ማኅተም ያለው መጽሐፍ ይወጣል። ከዚያ በታች የሆነው፣ ሻጋታ የያዘውም፣ ጀርባው ላይ ቀይ ፕላስተር ይለጠፍበትና ወደ ጋሪው ይሄዳል።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ውርያኒና የሥራ ባልደረባዋ ቱሚኒ የኋላ ሽፋን ሲገልጡ ከረሙ። ቱሚኒ ግራኝ ናት፣ ሥራዋ ፈጣንና ዝርክርክ ነው፣ አፏም እንደ እጇ አያርፍም። ዛሬ ጠዋት ፕላስተሩን በጥርሷ እየቆረጠች «አንቺማ ምን አለብሽ» አለች። «የአባትሽ በሙሉ አልፈዋል። ስለ ሸንኮራ አገዳ፣ ስለ ፈራረሱ አገሮች ካርታ፣ ስለ ዳክዬ እርባታ ይሄን ያህል የሚያነብ ሕዝብ እንዳለን አላውቅም ነበር።»

«ሰው የሚወደው አይታወቅም» አለች ውርያኒ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ።

«እውነትሽን ነው። እኔ ራሴ አንዱን አውጥቼ ሰጥቻለሁ፣ አንቺ በወባ በተኛሽበት ሰሞን። የትኛው እንደነበር እንጃ።»

ውርያኒ ይህን ለማጽናናት የተባለ ነገር አድርጋ ወሰደችው። ቱሚኒ ሳታውቅ የምታጽናና ሴት ናት። በዚያ ላይ አሁን ልቧን የያዘው ሌላ ነበር፤ እጇ ላይ ያለው የልብስ ቅድ መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ከመገለጥ ብዛት ጨርቅ ሆኗል። ገጾቹ ላይ ሥዕሉን ሲገለብጡ የእርሳስ ጫፍ የወጋቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ አንገትጌው የተሣለበት ገጽ ከመታሸቱ የተነሣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያሳያል። የኋላ ወረቀቱ ግን ነጭ ነው። አንድም ማኅተም የለበትም። እንዴት ይኖርበታል? መጽሐፍ ይዞ ለመውጣት የከተማው የነዋሪነት መታወቂያ ያስፈልጋል። ይህን መጽሐፍ የሚያነቡት ሴቶች ደግሞ ከገጠር መጥተው በልብስ ስፌት ቤቶች የሚሠሩ፣ አንድ ክፍል ለስድስት ተከራይተው የሚያድሩ ናቸው፤ መታወቂያቸው ያገራቸው ነው። ስለዚህ በምሳ ሰዓታቸው ይመጡና እዚሁ የንባብ አዳራሽ ተቀምጠው በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ይገለብጣሉ። አዳራሽ ውስጥ ለተነበበ መጽሐፍ ማኅተም አይመታም። ዱሮ ሠራተኞቹ ማታ ማታ ጠረጴዛ ላይ የቀሩትን መጻሕፍት ቆጥረው በደብተር ይይዙ ነበር። ውሃው ጠረጴዛዎቹን ካበላሸ ወዲህ እሱም ቀረ። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ስድሳ ያህል እንደሚሆኑ ውርያኒ ታውቃለች፤ የጀልባ ሞተር ጥገና፣ የሬዲዮ ጥገና፣ አራቱ የልብስ ቅድ መጻሕፍት፣ ቤቻክ ነጂዎቹ ተራ ሲጠብቁ የሚያዩት የሕግ መጽሐፍ። የሰው ላብ ያረፈባቸው እነዚህ ሁሉ በደንቡ ያልተነበቡ ናቸው።

መጽሐፉን ይዛ ወደ ጊናንጃር ሄደች። ደንቡ አንድ ነገር እንደዘነጋ ረጋ ብላ አስረዳችው። እሱም እስከ መጨረሻው ሰማት፤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ፣ እሱም ደክሞታል።

«ቡ ውርያኒ፣ አምንዎታለሁ» አለ። «ግን በምን ላስገባው? በእርስዎ ትዝታ? ነገ ሌላው ደግሞ በራሱ ትዝታ ሌላ መጽሐፍ ይዞ ይመጣል። ሦስት ሺህ አምስት መቶው ሞልቷል። አንድ ካስገቡ አንድ ያውጡ። እስከ አሥር ሰዓት ጊዜ አለ፤ እርስዎ የመረጡትን እፈርማለሁ።»

«ከየትኛው ላውጣ? የቀሩት ሁሉ ማኅተም አላቸው።»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ።»

ቃሉን የተናገረው እንዲያው ነው፣ እሷን ግን እንደ እሾህ ወጋት። አዎ፣ ታውቃለች። ፎቁ ላይ ከተደረደሩት ሦስት ሺህ አምስት መቶ መጻሕፍት ሠላሳ አንዱ የሰው ቦታ ይዘው መቀመጣቸውን የምታውቅ እሷ ናት። ለአባቷ ብላ ያደረገችው ነገር እንዲህ እጁን ዘርግቶ ከማታውቃቸው ሴቶች እጅ መጽሐፍ ይነጥቃል ብላ አስባ አታውቅም። ማኅተም ነው፣ ቀለም ነው፣ ማንን ይጎዳል ብላ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእሷ ግን የጠራው ፋብሪካው መኪና ሊልክ አንድ ሌሊት ሲቀረው ነው። የልብስ ቅዱን መጽሐፍ ጋሪው ላይ አላስቀመጠችውም፣ መደርደሪያም ላይ አልመለሰችውም። ብብቷ ስር ይዛው ስትዞር ዋለች።

ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ውሃው መጣ። መጀመሪያ በሩ ስር አንድ ጣት የምትሆን ጥቁር መስመር ታየች፣ ከዚያ ወለሉ ዝም ብሎ አበራ። ቱሚኒ ቦቷን እየጎተተች ደረጃው ላይ ወጥታ ምሳዋን ከፈተች። ውርያኒ ሜጎኖዋን ሁለት ጊዜ ቀምሳ ጠቀለለችው። በዚያው ሰዓት ውጭ የቤቻክ ደወል ተሰማ። ነጂው ሱዳርሞን እስከ በሩ አምጥቶ፣ እጃቸውን ይዞ፣ ውሃውን አሻግሮ ደረጃው ላይ አቆማቸው፤ አሥራ አምስት ሺህ ሩፒያውንም ተቀበለ። ለበዓል የሚለብሱትን ቡናማ ባቲክ ሸሚዝ ለብሰዋል። ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበውታል፤ የቀጠኑት እግሮቻቸው እርጥብ ናቸው። ውርያኒ ስታያቸው አንጀቷን በሉት።

ጊናንጃር እየሮጠ ወርዶ እጃቸውን በሁለት እጁ ጨበጠ። «ፓክ ጉሩ፣ ያውቃሉ? በአንድ ሰው ከተሰጡን መጻሕፍት ውስጥ የእርስዎን ያህል የተነበበ የለም። አንዱ ዘጠኝ ማኅተም አለው።»

«እንደው ሰዎቹ ደጎች ሆነው ነው» አሉ ሱዳርሞ፣ ፊታቸው ግን እንደ ልጅ ቀላ።

ይህን ሲባባሉ ሙኒሮና ሁለት ጓደኞቿ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ሙኒሮ የሃያ አምስት ዓመት ሴት ናት፤ ትከሻዋ ላይ የልብስ ሜትር እንደ አንገት ልብስ ተጥሏል፣ አሮጌ ጋዜጣ ጠቅልላ ይዛለች። በቀጥታ ወደ ለመደችው መደርደሪያ ሄደች፣ ባዶ ሆነባት፣ ዞራ ጋሪው ላይ የተከመረውን ቀይ ፕላስተር አየች።

«ቡ፣ የኛው መጽሐፍ የት ሄደ?» አለች። «የእጅጌውን ጀምረን አልጨረስነውም እኮ።»

ውርያኒ መጽሐፉን ከብብቷ አወጣች። መልሱን የሰጡት አባቷ ናቸው። ድምፃቸው የክፍል ውስጥ ድምፅ ነበር፣ ደግ፣ ከፍ ያለ። «የኔ ልጅ፣ ደንብ ነው። የሚነበብ መጽሐፍ ይቀራል፣ የማይነበብ ይሄዳል። እናንተም አንብቡና ይቀራል።»

«እኛማ እናነባለን ፓክ ጉሩ» አለች ሙኒሮ። «ሁለት ዓመታችን ነው፣ ከዓርብ በቀር አንድ ቀን ቀርተን አናውቅም። ስፌት ቤት ተቀጥረን ሸሚዝ መቁረጥ የተማርነው ከዚህ ነው። ማኅተም ነው እንጂ የሌለን።»

ሱዳርሞ ወደ ልጃቸው ዞሩ። በእውነት ግራ ገብቷቸው ነበር። «ታዲያ ለምን አትመቺላቸውም?» አሏት።

ቱሚኒ ደረጃው ላይ ማላመጧን አቆመች፤ ከዚያ ግን ነገሩ ስላልገባት ቀጠለች። ውርያኒ መጽሐፉን ሙኒሮ እጅ ላይ አስቀመጠችና «ዛሬ እዚህ ፎቁ ላይ ወጥታችሁ ጨርሱ» አለቻት። ከዚያ አባቷን ክንዳቸውን ይዛ ወደ ደረጃው መታጠፊያ፣ መስኮቱ ስር ወዳለው ጥግ ወሰደቻቸው። ተቀመጡ። እሷ ከእሳቸው አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ሲታጠፍ ጮኸ።

«በእርስዎ መጻሕፍት ላይ ያሉትን ማኅተሞች የመታሁት እኔ ነኝ ባፓክ።»

«አንቺ ነሻ፣ ሥራሽ አይደል?»

«ሳይወጡ ነው የመታሁት። ማንም ሳይወስዳቸው። ማታ ማታ፣ ሰው ሲሄድ።»

ከታች ውሃው መደርደሪያዎቹን የደገፉትን ጡቦች እየላሰ ሲያልፍ ይሰማል። ከፎቁ የሙኒሮ መቀስ ድምፅ ይመጣል። ሱዳርሞ ጫማቸውን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራቸው አዛወሩ፣ መልሰው አዛወሩት።

«ሁሉንም?» አሉ።

«ሁሉንም።»

«ለሦስት ዓመት?»

«ለሦስት ዓመት።» እንባዋ መጣ፣ ያልጠበቀችው እንባ ነው፤ በቦቷ ላይ ያለውን ጭቃ እያየች ዋጠችው። «በየቅዳሜው ነጭ ወረቀት ሲገልጡ ማየት አልቻልኩም። ያደረግኩት ለእርስዎ ብዬ ነው። አሁን ግን የእነዚያን ልጆች ቦታ ይዘዋል።»

ሱዳርሞ በመስኮቱ ብዙ አዩ። «ለካርሲህ ዛሬ ጠዋት ምን ስላት ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው። ከዚያ እጃቸው ተነሣ፤ ውርያኒ ሊመቷት መስሏት አንገቷን ሰበር አደረገች፣ በሃምሳ አራት ዓመቷ። እሳቸው ግን የእጃቸውን ሰዓት ለማየት ነበር። «ምርጫው በስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?» «በአሥር ሰዓት።» «ተነሺ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ሠራች። ፎቁ ላይ ወጥታ የአባቷን መጻሕፍት ከመደርደሪያው አንድ በአንድ አወረደች። ከዚያ ከጋሪዎቹ ውስጥ ስድሳዎቹን ፈልጋ ሠላሳ አንድ ብቻ መምረጥ ነበረባት፤ ይህ ከሁሉም ከበደ። አራቱን የልብስ ቅድ አስገባች። የጀልባ ሞተሩን አስገባች። ከሁለቱ የሬዲዮ መጻሕፍት አሮጌውን ጣለች። የቤቻክ ነጂዎቹን የሕግ መጽሐፍ አስገባች፣ አወጣች፣ እንደገና አስገባች። ሰዎች ያነበቧቸውን ሃያ ዘጠኝ ያህል መጻሕፍት በገዛ እጇ መልሳ ጋሪ ላይ ጫነች፤ ለእነሱ ሲል ቦታ የሚለቅ አባት አልነበራቸውም። ጊናንጃር ዝርዝሩን ሲቀበል ቅንድቡ ተነሣ።

«እነዚህ የፓክ ጉሩ አይደሉም እንዴ? ዘጠኝ ማኅተም ያለው?»

«ማኅተሙ የኔ ነው» አለች። «የአንባቢ አይደለም።»

ጊናንጃር ለጥቂት ጊዜ አያት፤ እንዲህ ያለው ነገር በየትኛው ደንብ እንደሚወድቅ፣ ቅጣቱም ምን እንደሆነ በልቡ ሲፈልግ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ከዚያ ብዕሩን አነሣ። «ቡ፣ እኔ ጆሮዬ ውሃ ገብቶበታል፣ ያሉትን አልሰማሁም» አለ። «የገባውና የወጣው ቁጥሩ እኩል ነው?»

«እኩል ነው።»

ፈረመ።

ፕላስተሩንና ሠላሳ አንዱን መጻሕፍት የጫነውን ጋሪ ወደ ደረጃው መታጠፊያ ስትገፋ አባቷ አሁንም እዚያው ተቀምጠዋል። መነጽራቸውን አድርገዋል። «ከመለጠፍሽ በፊት እኔ ጋ አምጪያቸው» አሉ። አመጣች። አንዱን አነሡ፣ ጭናቸው ላይ አድርገው የኋላ ሽፋኑን ገለጡ፣ ጣታቸውን በማኅተሞቹ ላይ ከላይ ወደ ታች አስኬዱ፣ ዘግተው ለእሷ ሰጧት። እሷ ቀይ ፕላስተር ለጠፈችበት። ሁለተኛውን አነሡ። የሸንኮራ አገዳው፣ የመስኖው፣ የፈራረሱት አገሮች ካርታ። የሚፈልጉትን አልነገሯትም፣ እሷም አልጠየቀችም። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጋሪ ገፊው ከታች «ቡ፣ እንጨርስ እንጂ፣ ውሃው ሳይወጣ መሽቶ ሊቀር ነው» ብሎ ተጣራ። ሱዳርሞ እንደ ፈታኝ መምህር አንድ እጃቸውን ብቻ ከፍ አድርገው አስቆሙት።

ሃያ ስድስተኛው ላይ፣ የዳክዬ እርባታው መጽሐፍ ላይ፣ ጣታቸው ቆመ። መጽሐፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱት፣ አዘነበሉት፣ ወደ ዓይናቸው አቀረቡት።

«ይሄ ያንቺ አይደለም» አሉ።

«ሁሉም የኔ ናቸው አልኩዎ እኮ ባፓክ።»

«አይደለም። እዪው።» ወረቀቷን ወደ እሷ አዞሩላት። ስድስት ማኅተሞች አሉባት። አምስቱ በመስመራቸው መሀል፣ ቀጥ ብለው፣ በእኩል ቀለም አርፈዋል። ሦስተኛው ግን ወደ ግራ ተጋድሟል፤ ግማሹ ከመስመሩ ወጥቷል፣ ቀለሙ አንድ ጥግ ላይ ፈሷል። «መስመር ላይ መጻፍ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። እንዲህ አድርገሽ በሕይወትሽ አትመቺም፣ ስትዋሺም እንኳ።»

ውርያኒ የመመለሻውን ቀን አንብባ ወደ ኋላ ቆጠረች። መጽሐፉ የወጣው በወባ በተኛችበት ሳምንት ነው። ቱሚኒ በግራ እጇ፣ ምናልባትም አፏ ሙዝ ሞልቶ፣ እያወራች የመታችው ማኅተም። ጠዋት የነገረቻትን ያኔ ለማጽናኛ ቆጥራው ነበር። አሁን ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣባትና ሁለቱንም ከለከለች።

ሱዳርሞ ማኅተሙን ብዙ አዩት። «አንድ» አሉ። «ሦስት ነው የሚያስፈልገው፣ አይደል?»

«ሦስት ነው። ግን ጊናንጃርን ልለምነው እችላለሁ፣ አንድ መጽሐፍ...»

«ለአርባ ዓመት ሁለት ማርክ ጎደለኝ ብለው ያለቀሱ ልጆች አላሳለፍኩም።» እጃቸውን ዘረጉ። «ፕላስተሩን ስጪኝ።»

ሰጠቻቸው። ቆረጡ፤ በመጽሐፉ ጀርባ ላይ፣ ምንም ሳይዛነፍ፣ ዳር እስከ ዳር ለጠፉት። ከዚያ ግን ጋሪው ላይ ሳያስቀምጡት ጭናቸው ላይ ያዙት።

«ማን ነበር?» አሉ።

«አላውቅም ባፓክ። እኔ አልነበርኩም።»

«መልሶታል?»

«መልሶታል፤ ይኸው እዚህ ነው።»

«በቀኑ?»

ዘግይቶ የተመለሰ መጽሐፍ ማኅተሙ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ይደረግበታል። ውርያኒ ጎንበስ ብላ አየች። ምንም ምልክት የለም።

«በቀኑ» አለች።

«ጎበዝ» አሉ ሱዳርሞ፣ አይተውት ለማያውቁት ሰው፤ መጽሐፉንም ጋሪው ላይ አስቀመጡት።